ማውሱን ንቀሉና ግዙ

ዓይነ ስውር ነኝ፤ ሥራዬ ዳታቤዝ ነው። ይህን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «እንዴት አድርገህ ኮድ ትጽፋለህ?» ብሎ ነው። ኮድ እኮ ጽሑፍ ነው። ስክሪን ሪደር የሚባለው ፕሮግራም መስመር በመስመር በድምፅ ያነብልኛል፣ እኔ በኪቦርድ እጽፋለሁ። አለቀ ደቀቀ። ፈተናው ያለው ኮዱን በምንጽፍበት ሶፍትዌር ላይ ነው። እሱን የሚመርጡልኝ ደግሞ ግዢ ክፍልና አይቲ ናቸው። ሲመርጡ ማውስ ይዘው ነው።

ስክሪን ሪደር ስክሪኑን አያይም። የሚናገረው ሶፍትዌሩ የሚያቀብለውን መረጃ ነው፤ «ይህ ቁልፍ ነው፣ ስሙ አስቀምጥ ይባላል» ዓይነት። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ስሙን ሳያቀብል ከቀረ ጃውስም ሆነ ኤንቪዲኤ የሚባሉት ስክሪን ሪደሮች «በተን» ብለው ዝም ይላሉ። የምን በተን? እግዜር ይወቀው።

ብዙ ቢሮ የማይጠፋውን የዳታቤዝ መሥሪያ ፕሮግራም፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር ማኔጅመንት ስቱዲዮን፣ እንውሰድ። ኩዌሪ፣ ማለትም ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ፣ ስታስኬዱ ውጤቱ በግሪድ (በሰንጠረዥ) ይመጣል። በጆሮ ለሚሠራ ሰው ከሴል ወደ ሴል መዝለል አድካሚ ነው። ኮንትሮልና ቲ ተጭኖ ኩዌሪውን እንደገና ማስኬድ ይቻላል፤ ያኔ ውጤቱ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይወጣል። እዚህም ሌላ ጣጣ አለ። ዓምዶቹ ለዓይን እንዲስተካከሉ ክፍተቱ በባዶ ቦታ ይሞላል፤ ከርዕሱ ሥርም ሰረዝ ይደረደራል። 200 ፊደል ለሚይዝ የስም ዓምድ 200 ሰረዝ ማለት ነው። ስለዚህ አማራጮቹ ውስጥ ገብቼ ዓምዶቹ በኮማ እንዲለዩ አደርጋለሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ደንበኛ አንድ አጭር መስመር ይሆንልኛል። ይህን ቅንብር ያስተማረኝ ኮሌጅ የለም፤ እንደኔው ዓይነ ስውር የሆነ ጓደኛዬ በስልክ ነው የነገረኝ።

ኩዌሪ ሲንቀረፈፍ ደግሞ ሰርቨሩ መረጃውን ለማግኘት በየት በኩል እንደሄደ ማወቅ የግድ ነው። ፕሮግራሙ ይህን በሥዕል ያሳያል፤ ሳጥንና ቀስት። እኔ ሥዕሉን ትቼ «ሴት ሾውፕላን ቴክስት ኦን» ብዬ አዝዘዋለሁ። የሚሄድበትን መንገድ በጽሑፍ ይዘረግፍልኛል። እዚያ ውስጥ «ስካን» የሚለውን ቃል እፈልጋለሁ፤ ሰርቨሩ ሰንጠረዡን ሙሉ አገላበጠው ማለት ነው። ኢንዴክስ፣ እንደ መጽሐፍ ማውጫ ያለው ፍለጋ ማፍጠኛ፣ የጎደለው ብዙ ጊዜ እዚያ ጋ ነው። የሚያዩት ባልደረቦቼ ቀስት ተከትለው እስኪደርሱ ቆሜ የጠበቅኋቸው ጊዜ አለ። ትንሽ ጉራ ይፈቀድልኝ።

ወደ ግዕዝ ፊደል ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ብዙዎቻችን ለእንግሊዝኛ የምንጠቀምባቸው ድምፆች ፊደላችንን አያውቁትም፤ የደንበኛው ስም ላይ ሲደርሱ ዘለውት ያልፋሉ። ከኤንቪዲኤ ጋር በነፃ የሚመጣው ኢስፒክ የሚባለው የንባብ ድምፅ አማርኛ ይናገራል። ድምፁ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል፤ ግን ይናገራል። ያም ሆኖ «ወልደሥላሴ» እና «ወልደስላሴ» በጆሮ አንድ ናቸው። ለዳታቤዙ ሁለት ሰዎች ናቸው። ደንበኛው «ስምህ የለም» ተብሎ ሲጉላላ የምለያቸው ፊደሉ ኮምፒውተር ውስጥ ባለው ቁጥር ነው። «ዩኒኮድ» የሚባለው ፈንክሽን ለሥ 4645፣ ለስ 4661 ብሎ ይመልሳል። የሚያይ ሰውም ቢሆን በጥድፊያ መሀል ይህች ታመልጠዋለች።

ሌላው ጣጣ ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራ ሶፍትዌር ነው። ጃቫና ስክሪን ሪደር የሚነጋገሩበት ድልድይ ከጃቫው ጋር አብሮ ይመጣል፤ ግን ካልተከፈተ ፕሮግራሙ ጭጭ ነው። መክፈቻው አንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ይህን የሚያውቅ የአይቲ ባለሙያ አግኝቼ አላውቅም፤ ወረቀት ላይ ጽፌ የምሰጣቸው እኔ ነኝ። ሪሞት ዴስክቶፕ (ሌላ ቦታ ባለ ኮምፒውተር ከሩቅ መሥራት) ከመጣ ደግሞ ወዲህ ላለው ስክሪን ሪደሬ የሚደርሰው የወዲያኛው ኮምፒውተር ምስል ብቻ ነው። ምስል አይነበብም።

አለቆች ይህን ሲሰሙ ልባቸው ይራራል። «ሰው እንመድብልሃለን፣ ያነብልሃል» ይላሉ። ሐሳቡ ከቅን ልብ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ግን የደንበኛ ሂሳብ በቢሮ መሀል ጮክ ተብሎ ሲነበብ ምስጢር የት ገባ? አንባቢው ፈቃድ የወጣ ዕለትስ? የሰው ፊት ማየት ለማያይ ሰውም ከባድ ነው።

ባልደረቦቼን የምጠይቀው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ስህተት ሲያጋጥማቸው ስክሪንሾት አንስተው በቴሌግራም ይልኩልኛል። እባካችሁ፣ ጽሑፉን ኮፒ አድርጉ። አብዛኛው የዊንዶውስ የመልእክት ሳጥን ላይ ኮንትሮልና ሲ ሲጫኑ ጽሑፉ ይገለበጣል። «ሜሴጅ 208» ብሎ ከጀመረ የሌለ ቴብል (የመረጃ ሰንጠረዥ) እንደጠራችሁ ሳልጨርሰው ይገባኛል።

ወደ ግዢው ልመለስ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን እንዲያመቻች ይጠይቃል። መሣሪያ ሲባል ብዙ ቢሮ የሚታየው ራምፕ፣ የዊልቸር መወጣጫ፣ ነው። የዳታቤዝ ሠራተኛ መሣሪያው ሶፍትዌሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሴክሽን 508 የሚባል ሕግ አለ፤ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚገዙት ቴክኖሎጂ ለአካል ጉዳተኞችም እንዲሆን ያዝዛል። በዚህ ምክንያት ትልልቆቹ ሻጮች ምርታቸው በኪቦርድና በስክሪን ሪደር እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጽ ሰነድ አላቸው። አለመጠየቃችን ነው። እኔ ባነበብኳቸው የጨረታ ሰነዶች ውስጥ ይህን አምጡ የሚል መስመር አልገጠመኝም።

ሰነዱም ቢመጣ መሞከር አለበት። ሻጩ ዴሞ ሲያሳይ ማውሱን ንቀሉበት። ኮንትሮል፣ ዊንዶውስና ኤንተር አንድ ላይ ሲጫኑ ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ናሬተር መናገር ይጀምራል፤ የተለየ ክፍያ የለውም። ከዚያ ይግባ፣ ቴብል ይክፈት፣ ኩዌሪ ያስኪድ፣ ውጤቱን በጆሮው ያንብብ። አንድ ስብሰባ ላይ ይህን ጠይቄ ሻጩ «በሚቀጥለው ቨርዥን ይስተካከላል» አለኝ። ውሉ ተፈረመ፤ ስለሚቀጥለው ቨርዥን አንድም ቃል የለበትም። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ መልስ ሲመጣ ቀን ተቆርጦለት፣ ከመጨረሻው ክፍያ በፊት እንዲፈጸም ሆኖ ውሉ ውስጥ ይግባ።