ይድረስ ለክቡር የገንዳ ዳር ፎጣ

ለክቡር ፎጣ
15ኛ ፎቅ፣ ከዋናው ገንዳ በስተግራ፣ ሁለተኛው ረድፍ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከወንበር እንዲወርዱልኝ ስለመጠየቅ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ፀሐይ ላይ ከመቆሜ በስተቀር ደኅና ነኝ።

አዎ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ቆሜ ነው። ለክብርዎ ብዬ እንዳይመስልዎ። መቀመጫ አጥቼ ነው።

መጀመሪያ የተያየነው በመዝናኛ መርከቧ ጉዞ ሁለተኛ ቀን ነበር፤ መርከቧ ወደብ ሳትነካ ባሕር ላይ በዋለችበት ቀን። ከጠዋቱ 2 ሰዓት። ሰው ገና ዓይኑን እያሸ ቡና ይፈልጋል። ገንዳው ውስጥ አንድም ነፍስ የለም። ዙሪያውን ያለው ወንበር ግን ሁሉም ተይዟል። በማን? በእርስዎና በወንድሞችዎ። ሰማያዊና ነጭ መስመርዎን ዘርግተው፣ ራስጌዎን በሁለት በቀቀን በሚመስሉ የፕላስቲክ መቆንጠጫዎች አስነክሰው ተንጋለዋል። ደረትዎ ላይ በግንባሩ የተደፋ መጽሐፍ አለ። እግርጌዎ አንድ ነጠላ ጫማ። አንድ ብቻ። ሌላኛው እግር ምናልባት ሌላ ወንበር ይዞ ይሆናል።

ባለቤትዎ ግን የውኃ ሽታ።

ጠበቅኩ። 3 ሰዓት ሆነ። 4 ሰዓት ሆነ። ነውር መሆኑን እያወቅኩ መጽሐፉን ቀና አድርጌ አየሁት። ገጽ 14። በማግስቱም ስመለስ ገጽ 14። በሦስተኛው ቀንም ያው ገጽ 14። እንግዲህ ወይ ባለቤትዎ አንድ ገጽ በቃሉ እያጠና ነው፣ ወይ ደግሞ የሚያነቡት እርስዎ ነዎት፤ ፎጣ ደግሞ ገጽ መግለጥ አይችልም።

እስከዚያ ቀን ድረስ ወንበር የሚያባልገው ሰውን ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሕጉን አላውቅም እንዳይሉኝ ሕጉ ከጎንዎ ተለጥፏል። ብዙ መርከቦች ላይ ሰው የሌለበት ዕቃ ከ30 ወይም ከ40 ደቂቃ በኋላ ከወንበሩ ይነሳል። የገንዳው ሠራተኛም መጥቶ ሰዓት የተጻፈበት ተለጣፊ ወረቀት ወንበሩ ላይ ለጠፈ። ደስ አለኝ። ቆሜ መቁጠር ጀመርኩ። 38ኛው ደቂቃ ላይ አይስክሬም የያዘ ሰው ከየት መጣ ሳይባል መጣ። ወረቀቱን ላጠው። እርስዎን በአንድ ስንዝር ወደ ግራ ሳብ አደረገ። የሥራ ዘመንዎን ለሌላ 40 ደቂቃ አድሶ ወደ ቡፌው ተመለሰ። አልተቀመጠም እኮ! የገንዳው ሠራተኛ ልጅም አየው፣ እኔም አየሁት፣ ማንም ምንም አላለም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እኛ ባለቤቱን ናቅነው፤ አጥሩን ግን ፈራነው።

ፍትሐዊ ልሁን፤ ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ሒሳቡም ችግር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረችው ግዙፏ መርከብ አይከን ኦፍ ዘ ሲስ 7 ገንዳ አላት። ጢም ስትል ወደ 7,600 መንገደኛ ትይዛለች። ለአንድ ገንዳ ከ1,000 ሰው በላይ ማለት ነው። የእኔዋ መርከብ እሷን አታክልም፤ ስሌቱ ግን ያው ነው። ሰው ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ገንዳ ዳር መጋደም ይፈልጋል። ይህ ቀን ደግሞ ወደብ የሌለበት ቀን ነው። መርከቧ ወደብ በምትቆምበት ቀን ገንዳው ዳር ኳስ መጫወት ይቻላል። ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

እውነቱን ልናገር? እቀናብዎታለሁ። በዚህች መርከብ ላይ ጉዞ የሚያውቅ መንገደኛ ቢኖር እርስዎ ብቻ ነዎት።

የመጀመሪያውን ቀን እንይ። እኔ ወደቡ ላይ ትልቁን ሻንጣዬን ለተሸካሚዎቹ አስረክቤ እጄን እያወዛወዝኩ ገባሁ። ሻንጣው ካቢኔ በር ላይ የደረሰው ሲመሽ ነው። ዋና ልብሴ፣ ነጠላ ጫማዬ፣ የስልኬ ቻርጀር፣ የደም ግፊት ኪኒኔ፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ። ከሰዓቱን ሙሉ በካልሲና በጥቁር ጫማ ገንዳ ዳር ተንጎራደድኩ። ብልሁ ሰው መድኃኒቱን፣ ፓስፖርቱንና ዋና ልብሱን ትከሻው ላይ በሚንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ ይዞ ይገባል። እርስዎ ግን ከዚያም በላይ ነዎት፤ ልብሱ ራስዎ ነዎት። ይባስ ብሎ ካውያዬን ፍተሻ ላይ ወሰዱብኝ። እሳት የሚያስነሳ ነገር መርከብ ላይ ቀልድ አይደለም፤ ከባሕር መሐል ወዴት ይሸሻል?

የአደጋ ጊዜ ልምምዱንም ቀርተዋል። ሰባት አጭር፣ አንድ ረጅም ጩኸት ሲሰማ ሰው ሁሉ መሰብሰቢያ ቦታውን ሊያውቅ ሄደ። እርስዎ ተጋድመው ቀሩ። እዚህ ላይ ቀልዴን ላቁም። ኮስታ ኮንኮርዲያ የምትባለው መርከብ እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 2012 ጣሊያን ውስጥ ጂልዮ ደሴት አጠገብ ከዐለት ጋር ተላትማ 32 ሰው ሞቷል። በዚያው ዕለት የተሳፈሩት መንገደኞች ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር። የያኔው ደንብ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ጊዜ ይሰጥ ነበርና። ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ ግን መርከብ ከመነሳቷ በፊት ወይም እንደተነሳች ወዲያው መደረግ አለበት። ስለዚህ እዚያች 20 ደቂቃ ላይ የሚያጉረመርም ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። እርስዎ ፎጣ ስለሆኑ ይቅር ብዬዎታለሁ።

ወደ ቅናቴ ልመለስ። ባሕሩ ሲናወጥ ምንም አይሰማዎትም። እኔ ግን «ባሕሩ ከፊት ለፊቴ ወለል ይበል» ብዬ ከመርከቧ አፍንጫ ላይ፣ ያውም ላይኛው ፎቅ፣ ካቢን ያዝኩ። ባሕሩ ወለል አለ። እኔም ወለል ላይ አደርኩ። መርከብ ለካ እንደ ሚዛን ናት። ጫፍና ጫፏ ይወጣል ይወርዳል፤ መሐሏና ታችኛው ፎቅ ግን እምብዛም አይነቃነቅም። ውስጠኛው ጆሮ «እየተወዛወዝን ነው» ይላል። ዓይን የካቢኑን ግድግዳ አይቶ «ኧረ ቆመናል» ይላል። ሁለቱ ሲካካዱ ሆድ መሐል ገብቶ ይፈርዳል። ከቤት ውጭ ወጥቶ አድማሱን ማየት የሚረዳው ዓይንና ጆሮን ስለሚያስታርቅ ነው። ኪኒኑም ሐኪም ወይም ፋርማሲ ተጠይቆ፣ ማቅለሽለሽ ሳይጀምር ነው የሚዋጠው። እኔ የዋጥኩት ከጀመረኝ በኋላ ነው። የት እንደሄደ አልነግርዎም።

አድማስ ለማየት ስወጣ ታዲያ የተሻለው ቦታ የት ነበር? እርስዎ የተጋደሙበት ወንበር ላይ።

እርስዎ ቡፌ አይሰለፉም። እኔ እሰለፋለሁ፤ ከፊቴ ያለው ሰውዬ ጣቱን ልሶ ጭልፋውን ሲይዝም አያለሁ። ኖሮቫይረስ የሚባለው የተቅማጥና የትውከት በሽታ እንዲህ ያለ ሰው ይወዳል። በር ላይ ያለው የእጅ አልኮል ይህን ቫይረስ በደንብ አይገድለውም፤ ሳሙናና ውኃ ነው መድኃኒቱ። አሜሪካ ወደብ የሚገቡት መርከቦችስ ይፈተናሉ። ሲዲሲ የሚባለው የአሜሪካ የጤና መሥሪያ ቤት ሳይነግር መጥቶ ንጽሕናቸውን ከ100 ያርማል፤ 85ና ከዚያ በታች ያመጣ ወድቋል። መንገደኛውን የሚያርመው ግን የለም።

ከሁሉ የከነከነኝ የወደቡ ቀን ነው። መርከቧ 11 ሰዓት ትነሳለች፤ ሁሉም ሰው 10፡30 ላይ ይሳፈር ተብሏል። እኔ ብቻዬን ከተማ ልይ ብዬ ወጣሁ። ስልኬ ኔትወርክ ሲያገኝ ሳይጠይቀኝ ራሱን ወደ አገሩ ሰዓት ቀየረ። አገሩ ደግሞ ከመርከቧ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ነው። ሻይ እየጠጣሁ ስልኬን አየሁ፤ 9፡20። «ገና ነው» ብዬ ሌላ አዘዝኩ። አጠገቤ አንድ ባልና ሚስት መልሳቸውን ሳይቀበሉ እየሮጡ ሲወጡ «ምን አስቸኮላቸው» ብዬ ታዘብኩ። ሴትየዋ ዞር ብላ «የመርከብ ሰዓት!» አለችኝ። ሁለት ቃል። ያንን ሩጫ ሮጬው አላውቅም። አንድ እጄ ነጠላ ጫማዬን ይዟል፣ አንድ እጄ ልቤን። ላይ ፎቅ ያለው ሕዝብ እንደ ማራቶን ተመልካች ያጨበጭብልኛል። ቀና ስል 15ኛው ፎቅ አጥር ላይ የአንድ ፎጣ ጫፍ ሲወዛወዝ አየሁ። ነፋስ ነው ወይስ ቻው እያሉኝ ነበር?

በመርከቧ በኩል በተያዘ ጉብኝት ብወጣ ኖሮ ብዘገይም ወይ ይጠብቁኛል፣ ወይ ቀጣዩ ወደብ ድረስ ያደርሱኛል። በራሴ ስለወጣሁ ግን ብቀር ወጪውም ጣጣውም የእኔ ነበር። ፓስፖርቴ ካቢን ውስጥ፣ ካዝናው ውስጥ ተቆልፏል። በወደቡ ላይ የመርከቧን ጉዳይ የሚያስፈጽመው ወኪል ስልክ ማታ ማታ ካቢን በሚገባው የቀን ፕሮግራም ላይ ተጽፏል። እኔ በዚያ ወረቀት ላይ ማስቲካ ጠቅልዬበት ነበር።

ስለ ስልኩ ካነሳሁ አይቀር፣ መርከቧ ከወደብ ስትርቅ የራሷ ኔትወርክ ይይዘዋል፣ ሒሳቡም ያስለቅሳል። የአውሮፕላን ሞድ የተፈጠረው ለአውሮፕላን ብቻ አይደለም።

አሁን ኑዛዜ ልግባ።

ቂም ያዝኩ። ከመርከቧ ልንወርድ ሁለት ሌሊት ሲቀረን፣ ማታ ካቢኔ ስገባ የክፍሉ ሠራተኛ ዘመድዎን ዝሆን አድርጎ ጠቅልሎ፣ የእኔን መነጽር አድርጎለት አልጋዬ መሐል አስቀምጦታል። እንግዲህ አልጋዬንም ያዛችሁ። በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሳሁ። ከገንዳው የፎጣ ባንኮኒ የመርከብ ካርዴን አስመዝግቤ ፎጣ ወሰድኩ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ወንበር መርጬ አነጠፍኩ። መጽሐፍም ደፋሁበት። በምን ገጽ እንደሆነ አይጠይቁኝ። ከዚያ «አንዴ ቁርስ ልቅመስ» ብዬ ወረድኩ።

ወይ ጊዜ! ያ ለእርስዎ ዓይኑን የጨፈነው ልጅ ለእኔ ደቂቃ አላጎደለም። ስመለስ መጽሐፌ ባንኮኒው ላይ ነው። ፎጣው ወደ ልብስ ማጠቢያው ሄዷል። ወንበሩ ላይ ያ ባለ አይስክሬሙ ሰውዬ ተቀምጧል። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በአካል።

ባንኮኒው ላይ ፎጣ ሲመለስ በካርድ መመዝገብ እንዳለበት ማን ነገረኝ? መርከብ ላይ ጥሬ ገንዘብ የሚባል ነገር የለም፤ ካርዱን ጠጋ ማድረግ ነው። ሲያደርጉት አያምም። የሚያመው በመጨረሻው ጠዋት በር ሥር በምትገባ ወረቀት ነው። በየዕለቱ የተቆረጠ የአገልግሎት ጉርሻ፣ ዋይፋይ፣ ለስላሳ መጠጥ። ከታች ደግሞ፦ «ያልተመለሰ ፎጣ፣ 1»።

ከሒሳቡ ላሰርዝ ወደ እንግዳ መቀበያው ወረድኩ። ሰልፉ ደረጃውን አልፎ ወጥቷል። ሒሳቡን ከሁለት ቀን በፊት በቴሌቪዥኑ ላይ ማየት ይቻል ነበር አሉኝ። እሺ። ይህ ብቻ ቢሆን በቻልኩት። ሻንጣ ግን ከመውረጃው ቀን በፊት ማታ ተዘግቶ በር ላይ ይቀመጣል። እኔም ንቁ ሆኜ ሁሉንም ነገር አሽጌ አወጣሁ። ሁሉንም። ሱሪዬን ጨምሮ። የመጀመሪያ ቀን ዋና ልብሴ ሻንጣ ውስጥ ሆኖ ሱሪ ለብሼ ገንዳ ዳር ዋልኩ። በመጨረሻው ቀን ሱሪዬ ሻንጣ ውስጥ ሆኖ በዋና ልብስ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ከኋላዬ ያሉት እናት የልጃቸውን ዓይን በእጃቸው ሸፍነዋል። ደብዳቤውን የምጨርሰው እዚሁ ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ጥያቄዬን አሻሽያለሁ። ወንበሩ ይቅርብኝ፣ ይንገሡበት። በመርከቧ መዝገብ ግን ለአንድ ፎጣ ሙሉ ዋጋ ከፍያለሁ። ደረሰኙ እጄ ላይ አለ። ለማን እንደከፈልኩ ስላልተጻፈ ሕጋዊ ባለቤትዎ እኔ ነኝ ብዬ እከራከራለሁ። ደብዳቤዬ እንደደረሰዎ ወደ 5ኛ ፎቅ፣ እንግዳ መቀበያ፣ ሰልፉ ውስጥ ቀይ ቁምጣ የለበሰው ሰው ዘንድ ቢመጡልኝ።

እባክዎ ፈጠን ይበሉ። አየር ማቀዝቀዣው በርትቷል።

ከሰላምታ ጋር
ወንበር ያጣው መንገደኛ

ግልባጭ፦
ለአንድ እግር ነጠላ ጫማ
ለበቀቀን መቆንጠጫዎች
ለገጽ 14