አጃቢ በነፃ

ሰብሳቢ ነኝ። ጅማ ላይ እንዲህ ስትል ሰው የሚገባው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ የዕድር ሰብሳቢ፣ ወይ የቡና ሰብሳቢ። እኔ የምሰበስበው አሮጌ ጌም ነው። አከራዬ እማማ ይህን ሲሰሙ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ቡናው ይሻልህ ነበር ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ኪራይ አንድ ቀን እንኳ አሳልፈውልኝ አያውቁም።

ሰሞኑን ያገኘሁት «ኤር ኮምባትን» ነው። የጃፓኑ ናምኮ በ1995 (በፈረንጆቹ) ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ያወጣው የጦር አውሮፕላን ጌም። በኋላ «ኤስ ኮምባት» እየተባለ ዘር ማንዘሩ በዛ፤ እኔ የፈለግኩት ግን አያትየውን ነው። ያውም ኦሪጅናሉን። ኦሪጅናል የፕሌይስቴሽን ዲስክ ሆዱ ጥቁር ነው። እኛ በልጅነታችን ጌም ቤት የተጫወትነው ሁሉ ኮፒ ስለነበር ጥቁር ዲስክ አይተን አናውቅም። ለሰፈራችን ባለሱቅ በኩራት ባሳየው ገልብጦ አየውና በሐዘኔታ መለሰልኝ።

«ይሄ እኮ ተቃጥሏል። በስንት ሸጠልህ?»

በስንት እንደገዛሁት አልነገርኩትም። እዚህም አልጽፈውም፤ ባለቤቴ ታነባለች።

ጌሙ በፍላት ስክሪን አያምርም፤ ተራራው የተበላሸ ሊጥ ይመስላል። ስለዚህ የድሮውን ሆዳም ቴሌቪዥን ፍለጋ ወጣሁ። ሂርማታ አካባቢ አንድ ጠጋኝ ጓሮ ዶሮ ተኝታበት አገኘሁት። ባለባጃጁ የሁለት ሰው ሒሳብ ተቀበለኝ፤ ሁለተኛው ተሳፋሪ ቴሌቪዥኑ መሆኑ ነው።

ፕሌይስቴሽኑን ገልብጬ፣ እግሩን ወደ ሰማይ አድርጌ ነው የማስነሳው። እብደት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ፕሌይስቴሽኖች ሌንሱ የሚንሸራተትበት ፕላስቲክ በሙቀትና በሥራ ብዛት ይበላና ሌንሱ ያዘነብላል። ሲገለበጥ ይስተካከላል። ይህን ለእማማ ለማስረዳት ሞከርኩ። «እንደ ጀበናው ከድኖ ማስቀመጥ እያለ» ብለው ሄዱ።

ቅዳሜ ከሰዓት ልጀምር ስል ዝናብ ወረደ። የጅማ ዝናብ ሲወርድ መንገደኛው በረንዳህ ላይ ይጠለላል፤ ሲብስ ሳሎን ይገባል። በሩብ ሰዓት ውስጥ በርጩማ አለቀ።

መጀመሪያ የሚሰጥህ አውሮፕላን ኤፍ 4 ነው። የዚያን ዘመን ጆይስቲክ ደግሞ ዱላ የለውም፤ ቀስት ብቻ። አፍንጫው ወደ ላይ እንዲነሳ የታችኛውን ቀስት ነው የምትጫነው፤ ፓይለት መሪውን ወደ ራሱ እንደሚስበው። ይህን ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም። መምከር ግን ሁሉም ያውቃል።

«ወደ ላይ! ወደ ላይ በለው!»

ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ጩኸት ስላልሰማሁ እጄ ታዘዘ። የላይኛውን ተጫንኩት። አውሮፕላኑ በአፍንጫው ባሕር ውስጥ ተተከለ። መካሪው ባለሱቅ ወደ ሰዉ ዞረና፣ «አላልኩትም?» አለ።

ከጥግ በኩል የተቀመጡት ጡረተኛ ጋሼ ጉዳያቸው ሌላ ነበር። አየር ኃይል የነበሩ ናቸው። «እኛ የነበረን ኤፍ 5 ነው፤ ኤፍ 4 ከየት አመጣህ?» ብለው ጀመሩ። ከዚያ ሚሳኤሌን መቁጠር ያዙ። የእውነቱ ኤፍ 4 ለአየር ላይ ውጊያ 8 ሚሳኤል ነው የሚሸከመው፤ የጌሙ ግን ተኩሶ አይጠግብም።

«ዘጠነኛውን ከየት አመጣኸው?»

«ጌም ነው፣ ጋሼ።»

«ጌም ቢሆንስ! ፈርመህ ነው የምትረከበው!»

እማማን ያሳሰባቸው ጠላቱ ማን እንደሆነ ነው። ጀግናው ቅጥረኛ እንደሆነ፣ ጠላት ባወረደ ቁጥር እንደሚከፈለው፣ በገንዘቡ የተሻለ አውሮፕላን እንደሚገዛ ነገርኳቸው። አጃቢ ፓይለትም በገንዘብ እንደሚቀጥር ጨመርኩ።

«አጃቢ በገንዘብ?» ሳሎኑን የሞላውን ሰው ዞር ዞር ብለው አዩት። «ከዚህ አይወስድም?»

ሦስተኛው ተልዕኮ ላይ ግን እጄ ወደ ቦታው ተመለሰ። የመጨረሻውን አውሮፕላን ሳወርደው ሳሎኑ በጭብጨባ ተናጋ፤ ጋሼ እንኳ ቆጠራውን ረሱ። ሜሞሪ ካርዱ ላይ ሴቭ ላደርግ ስል መብራት ሄደ።

ማንም አልሄደም። ዝናቡም አባርቶ ነበር፤ ግን ማንም አልሄደም። እማማ ቡና አቀረቡ። ሁለተኛው ጀበና ላይ መብራት መጣ፤ ሰብሰብ ብዬ ወደ ጆይስቲኩ ስንጠራራ እጄን የያዘኝ ባለሱቁ ነው።

«ተራ አለ እኮ።»

ዲስኩ የኔ፣ መሣሪያው የኔ፣ ሆዳሙ ቴሌቪዥን የኔ። እማማን በአቤቱታ አየኋቸው።

«እውነቱን ነው» አሉ፣ ሲኒውን እያለቀለቁ። «አንተ ከጋሼ ቀጥሎ ነህ። አራተኛ።»