ኳሱን መልሱለት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ማን ሾመህ ብትሉኝ ማንም። ግን ዝም ሲባል ነገሩ እየባሰ ነው።

የፈተና ሰሞን ሲመጣ መጀመሪያ ከልጁ የምንነጥቀው ምንድን ነው? ኳሱን። "ኳስ እንጀራ አይሆንህም፣ ቁጭ ብለህ አጥና!" ልጁ ቁጭ ይላል። ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ውሎ ቤት መጥቶ ይቀመጣል፣ ቅዳሜ ቱቶሪያል ሄዶ ይቀመጣል፣ ማታ አይኑን መጽሐፉ ላይ ተክሎ አንዷን ገጽ ደጋግሞ ያነባታል፤ የሚገባው ነገር ግን የለም። እናት ቡና ታፈላለታለች። አባት "ስልኩ ነው ያደነዘዘው" ይላል፤ ስልኩም ድርሻ አለው፣ አልካድኩም። ግን ያ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳን ልቡ ድው ድው እስኪል አልሮጠም፣ አላላበውም። ይሄን የሚጠይቅ ሰው ቤቱ ውስጥ የለም።

ትምህርት ቤቶቻችንም ያው ናቸው። የሒሳብ መምህሩ ምዕራፍ አልጨረሰም? የስፖርት ክፍለ ጊዜ አለለት። ሜክአፕ ክላስ ተፈለገ? ስፖርት ይታጠፍ። የሒሳብን ሰዓት ለስፖርት የሚሰጥ ርዕሰ መምህር ግን አይቼም ሰምቼም አላውቅ። የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ወጥቶ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል ወላጅ ሁሉ ክው አለ። ክው ቢል አይፈረድበትም። ልጆቹ የወደቁት ስፖርት ስላልሰሩ ነው እያልኩ አይደለም፣ ምክንያቱ ብዙ ነው። እኔን የሚገርመኝ ከድንጋጤው በኋላ የታየን መፍትሔ ልጁን የባሰ ወንበር ላይ ማሰር ብቻ መሆኑ ነው።

ጥፋታችን አካልንና አእምሮን ማጣላታችን ነው። "ወይ ጎበዝ ተማሪ ነህ፣ ወይ ኳስ ተጫዋች ነህ፣ ምረጥ!" እንላለን። የሚሮጥ ሰው እግር እንጂ ጭንቅላት ያለው አይመስለንም። እስቲ ይሄን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አለ። በእድሜ የገፉ 120 ሰዎችን ወስደው ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን 40 ደቂቃ ፈጠን ፈጠን እያሉ ተራመዱ። ሌሎቹ ሰውነት ማፍታቻ ብቻ ሰሩ። ከዓመት በኋላ ጭንቅላታቸውን በኤምአርአይ ሲያዩት ሂፖካምፐስ የሚባለው፣ ለማስታወስ ትልቁን ስራ የሚሰራው ክፍል፣ በተራማጆቹ ላይ 2 በመቶ ያህል ጨምሮ ተገኘ። በሌሎቹ ላይ 1.4 በመቶ ገደማ ቀንሷል። በዚያ እድሜ ይሄ ክፍል በየዓመቱ ማነሱ የተለመደ ነው፤ መጨመሩ ነው ጉዱ። ሰዎቹ ማራቶን አልሮጡም። ተራመዱ፣ በቃ።

ስለዚህ ያ ኳሱን የነጠቃችሁት ልጅ የተነጠቀው ጨዋታ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ይንቀሳቀስ ይላል። የፈተና ሰሞን አይቆጠርም የሚል ነገር የለበትም።

እሺ፣ ልጆቹን ትተን ወደ ራሳችን እንምጣ። እኛ ስፖርት የምናስበው መቼ ነው? ቦርጭ ሲወጣ፣ ሐኪም ስኳርና ግፊት ብሎ ሲያስደነግጠን፣ ሰርግ ሲቃረብ። ጂም ተመዝግበን የሦስት ወር እንከፍላለን፣ ሁለተኛው ሳምንት ላይ እንጠፋለን። ቦርጩ አልጠፋማ! ቦርጭ ቶሎ አይጠፋም፣ ላስቀይማችሁ። ቶሎ የሚመጣው ሌላ ነገር ነው፦ የዚያን ዕለት ማታ የምትተኙት እንቅልፍ፣ በማግስቱ ሰው ላይ አለመጮሃችሁ፣ ደረታችሁ ላይ የነበረው ክብደት ቀለል ማለቱ። ይሄ ሚዛን ላይ አይወጣምና አንቆጥረውም።

"ጨነቀኝ"፣ "ደበረኝ"፣ "ውስጤ ተረበሸ" የማይል ሰው በዚህ ዘመን ማን አለ? የኑሮው ነገር አለ፣ የቤት ኪራይ አለ፣ የአገሩ ወሬ አለ። መፍትሔ ብለን የምንሮጠው ግን ወደ ቢራው፣ ወደ ጫቱ፣ ወደ ስልኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዱክ ዩኒቨርሲቲ ከባድ ድብርት የያዛቸውን 156 ሰዎች ለ16 ሳምንት አጥንቶ ነበር። አንዱ ቡድን መድኃኒት ወሰደ፣ አንዱ ስፖርት ሰራ፣ አንዱ ሁለቱንም። መድኃኒቱ መጀመሪያ አካባቢ ፈጠን ብሎ ረዳ። መጨረሻ ላይ ግን የሦስቱም ቡድን መሻሻል ተቀራራቢ ሆነ።

ደግሞ ይሄን ሰምታችሁ አልጋ ይዞ የተኛውን ወንድማችሁን "ተነስ ሩጥ፣ ስንፍና ነው!" እንዳትሉት። አደራ። ድብርት የጠናበት ሰው ፊቱን ለመታጠብ እንኳን አቅም ያጣል። ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ አማኑኤል ሆስፒታል የሚሄድ ሁሉ እብድ ነው የሚለውን የድሮ ወሬ ትታችሁ። መድኃኒት የጀመረም በራሱ አያቋርጥ። ከቻለ እጁን ይዛችሁ ሰፈር ዞር ዞር በሉ። ቁጣዬ በታመመው ላይ አይደለም፣ ጤና ሆነን በተቀመጥነው ላይ ነው።

ስለ መቀመጥ ካነሳን፣ እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስ የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት አለ። የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶብስ ሹፌሮችንና ትኬት ቆራጮችን አነጻጸሩ። ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ የሚውሉት ቆራጮች ከሹፌሮቹ ይልቅ የልብ ሕመማቸው በጣም ያነሰ ነበር። ልብ ሌላ፣ አእምሮ ሌላ ትሉኝ ይሆናል። ጭንቅላታችን ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው፤ አርፈን በተቀመጥንበት ሰዓት ግን ከምንጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን የሚወስደው እሱ ነው። የሚያደርስለት ደም ነው፣ ደሙን የሚገፋው ልብ ነው። የት ጋ ነው የሚለያዩት? ዋሽንግተን ዲሲ ኡበር የምትነዱ ወንድሞቼ፣ ስትደውሉ ስለ ወገባችሁ ብቻ ነው የምታወሩት። እንቅልፍ ማጣቱንና ብስጭቱንም ከዚያው ወንበር ፈልጉት።

አሁን ደግሞ የሚያናድደኝ ጋ ደረስኩ። እኛ ራሳችን አለመንቀሳቀሳችን አንሶ የሚንቀሳቀሰውን እናሸማቅቃለን። ሰው ክብደት ሲቀንስ "ምን ሆነህ ነው? አሞህ ነው?" ሲወፍር "ተመችቶሃል!" በተለይ ሴቶቻችን ላይ የምንሰራው ግፍ ነው። ጠዋት አስፋልት ዳር ሶምሶማ የምትሮጥ ሴት እዩ። ሙቀቱ እያለ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራለች፤ ለብርድ አይደለም፣ ለአይናችን ነው። ጆሮዋ ላይ ኢርፎን ሰክታለች፤ ብዙ ጊዜ ምንም አይዘፍንም፣ ለከፋውን ላለመስማት ነው። "እህት፣ ማን እያባረረሽ ነው?" ይላል አንዱ ሚኒባስ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ታክሲው ሙሉ ሰው ይስቃል። እናንተ የሳቃችሁት፣ እህታችሁ ነገ ተጨንቃ ቤት ስትዘጋ "ምነው አትወጪም እንዴ?" እንዳትሏት።

ከዚያ ደግሞ በአበበ ቢቂላ እንፎክራለን። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም በባዶ እግሩ አሸነፈ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ሳምንታት በኋላ ደገመው፣ ጨርሶም ሜዳው ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። እኛ ለሁለተኛ ፎቅ ሊፍት ተሰልፈን እንጠብቃለን! ታላቁ ሩጫ ከተጀመረ እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ በየዓመቱ ቲሸርቱን ለብሰን መስቀል አደባባይ እንጨፍራለን፤ ደስ ይላል፣ ይቀጥል። ግን ቲሸርቱ እስከ ሚቀጥለው ዓመት የሌሊት ልብስ ነው።

"ቦታ የለም" የምትሉ ግማሽ እውነት አላችሁ። የሰፈር ሜዳዎች አንድ በአንድ ታጥረው ሕንጻ ሆነዋል፤ ልጆች ድንጋይ ጎል አድርገው መኪና ባለፈ ቁጥር ጨዋታ እያቆሙ ነው የሚጫወቱት። ይሄን ያጸደቃችሁ ሰዎችም ተግሳጹ ይመለከታችኋል። ግን ከታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ለመውረድ ሜዳ አያስፈልግም። ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው የሚባለው፤ በአምስት ቀን ብታካፍሉት በቀን ግማሽ ሰዓት ይመጣል፣ ፌስቡክ ላይ ሰው ስንሰድብ የምናጠፋው።

አባቶች፣ ልጁ ከማጥናቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ይውጣ፣ ላቡን ታጥቦ ይቀመጥ። ርዕሰ መምህራን፣ ፕሮግራሙ ላይ ሐሙስ ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ ስፖርት ከተባለ ስፖርት ይሁን፤ ምዕራፍ ያልጨረሰ መምህር ሌላ ሰዓት ይፈልግ። ኳስ ከሌላችሁ ገመድ ይዝለሉ። ከዘነበም ኮሪደር አለ።