ማስተካከያ፦ ማር የገባበት ዳቦ ቆሎ ለሕፃን አይሰጥም

ባለፈው ለአራስ ጥየቃ ይዘን የምንሄደውን፣ ሊጡ በማር የሚታሸውን ዳቦ ቆሎ አሠራር ጽፌ ነበር። እዚያ ላይ «ማሩ እሳት ስለሚነካው ሕፃኑም ቢቀምሰው ችግር የለውም» ብያለሁ። ተሳስቻለሁ።

12 ወር ያልሞላው ሕፃን ማር መቅመስ የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ይህንኑ ይላል። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ የባክቴሪያ ስፖር (እንደ ዘር ተኝቶ የሚቆይ የባክቴሪያው ጠንካራ ቅርፅ) ሊኖር ይችላል። የትልቅ ሰው አንጀት ይቋቋመዋል፣ የሕፃን አንጀት ግን ገና ነው። የቤት ምጣድና ምድጃ ደግሞ ስፖሩን አይገድሉትም። ለዚያ በግፊት ታፍኖ እስከ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት ያስፈልጋል። ማር በጣት ማስላስም ያው ነው።

እናትየው ግን ትብላ። በጡት ወተት ወደ ልጁ አይተላለፍም።

አሠራሩን አይታችሁ ሠርታችሁ የሰጣችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ደውላችሁ ንገሩ። ቀድሞ የቀመሰ ሕፃን ሆዱ ከደረቀ፣ ጡት መሳብ ካቃተው፣ ለቅሶው ከደከመ ወይም ሰውነቱ ከዛለ በፍጥነት ሐኪም ቤት ይወሰድ።

እኔም አሁን የስጦታው ማሰሮ ክዳን ላይ፣ ከሪባኑ ሥር፣ «ማር አለው፤ ከ1 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም» የሚል ወረቀት እለጥፋለሁ። የቀድሞውን ጽሑፍም አርሜዋለሁ።