አውራ ጣቱን ያነሣው ማን ነው?

ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ ወደ ልደታ በሚወስደኝ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ፣ ረጅም ዘመን በካሳ ክፍያ ሥራ ላይ እንዳሳለፉ የተነገረላቸው አንድ የኢንሹራንስ ባለሙያ በኤፍ ኤም ሬዲዮ ሲናገሩ ሰማሁ። እንደ እሳቸው አገላለጽ፣ ከባድ የአካል ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች ገና ከሆስፒታል ሳይወጡ ጠበቃ መፈለጋቸው መጥፎ ልማድ ሆኗል፤ ጠበቃ ሲገባበት ጉዳዩ ይጓተታል፤ በሽማግሌ ቢያልቅ ሁሉም ይጠቀማል፤ ደግሞስ ገንዘብ የተሰበረ አከርካሪ አይጠግንም። ሰውየው ከተናገሩት ይልቅ ያናደደኝ ግን ከጎኔ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች «እውነታቸውን ነው» በሚል ስሜት ራሳቸውን መነቅነቃቸው ነበር።

ከሁሉ ደካማ በሆነው ልጀምር። ገንዘብ አከርካሪ እንደማይጠግን የማያውቅ ተጎጂ የለም፤ ሌሊቱን ሙሉ በጀርባው ተኝቶ ጣሪያ ሲያይ የሚያነጋ ሰው ይህን ከሬዲዮ መስማት አያስፈልገውም። ገንዘብ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው። ከአንገት በታች የማይታዘዝለትን ሰው በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን የሚያገላብጥለት ረዳት ይቀጥራል፤ የአልጋ ቁስል እንዳይበላው የአየር ፍራሽ ይገዛል፤ ካቴተር (የሽንት ማስወጫ ቱቦ) ይቀይራል፤ ሊፍት ከሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት አውርዶ ፀሐይ ያሳየዋል። ገንዘብ እንዲህ ከንቱ ከሆነ፣ ባለሙያው ያገለገሉበት ኢንዱስትሪ በየዓመቱ ከባለመኪናው ላይ አረቦን የሚሰበስበው ምን ሊያደርግበት ነው? ሲገባ ገንዘብ የነበረው ሲወጣ በአንድ ጊዜ ዋጋ ቢስ የሚሆንበትን ተአምር ቢያስረዱን ደስ ባለን።

ጠበቃ መፈለግ ለምን መዘግየት እንደሌለበት ለማሳየት ግን ከክርክር ይልቅ ያየሁትን ልንገር። አራት ኪሎ ጎረቤቴ የነበሩ አንድ እናት የ26 ዓመት ልጃቸውን፣ ሴራሚክ በማንጠፍ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረውን ወጣት፣ መንገድ ሲሻገር ገልባጭ መኪና ገጨባቸው። አንገቱ ላይ በደረሰው ጉዳት እጅና እግሩ ከዳው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን መሀል ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ልጠይቀው ስሄድ፣ አንሶላው ላይ ከተዘረጋው ቀኝ እጁ አውራ ጣት ሐምራዊ የማኅተም ቀለም እንደያዘ ነበር። የቀለሙ ጭረት አንሶላውም ላይ ነበረ። እናቱን ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ትናንት ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከባለንብረቱ ሌላው «ከኢንሹራንስ ነኝ» ያለ፣ መጥተው እንደነበርና ጉዳዩ በሰላም እንዳለቀ ነገሩኝ። «ደግ ሰዎች ናቸው ልጄ፤ ብርቱካንም ይዘው ነው የመጡት» አሉኝ። ሰባ ሺህ ብር ሰጥተዋቸዋል። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበውላቸዋል፤ እማማ ከሰሙት ያስታወሱት «ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የሚለውን ነው።

እጁ አይነሣም። ታዲያ አውራ ጣቱን ያነሣው ማን ነው? እንደ ነገሩኝ ከሆነ ከሁለቱ ሰዎች አንዱ ነው፤ የልጁን ጣት በሁለት እጁ ይዞ ቀለሙ ላይ፣ ቀጥሎም ወረቀቱ ላይ ተጭኖታል። በሬዲዮ «በሽማግሌ ቢያልቅ» የተባለልን መልካም ነገር ይህ ነው።

ይህ ወረቀት ምን እንደሸጠ እንመልከት። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ በ1952 የወጣው፣ በቁጥር 2081 የባለ ሞተር ተሽከርካሪን ባለንብረት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ ተጎጂው የሾፌሩን ጥፋት እንዲያስረዳ እንኳ አይጠየቅም። በቁጥር 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት ይላል። በቁጥር 2092 ደግሞ ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ካሳው እንዲቆረጥ ያዝዛል። እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ አድርጎ ያነበበ ሰው፣ የ26 ዓመት ወጣት ቀሪ የሥራ ዘመኑን ገቢ፣ የረዳት ደመወዝ፣ የመድኃኒትና የቁሳቁስ ወጪ ሊጠይቅ እንደሚችል ይገባዋል። ያ ሁሉ በአሥራ አንደኛው ቀን ሊሰላ አይችልም፤ ሐኪሞቹ ራሳቸው በዚያን ጊዜ እብጠቱ እስኪወርድ ይጠበቅ እያሉ ነበር። የሐኪሞች ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ሳይወስን የሚፈረም እርቅ፣ ሻጩ ምን እንደሚሸጥ ሳያውቅ የሚደረግ ሽያጭ ነው። ገዢው ግን ያውቃል። ለዚህም ነው በአሥራ አንደኛው ቀን ብርቱካን ይዞ የሚመጣው፤ በስድስተኛው ወር ይዞ አይመጣም።

እንዲህ ያለውን ወረቀት ደግሞ ሕጉ በዋዛ አያየውም። በቁጥር 3312 መሠረት እርቅ በተዋዋዮቹ መካከል የመጨረሻ ፍርድ ያህል ይጸናል። ለማፍረስ የሚቻልባቸው በሮች ጥቂት ናቸው። ቁጥር 1710 የአንዱን ችግር፣ የአእምሮውን የዋህነት ወይም ልምድ ማጣት ተጠቅሞ የተደረገ ከኅሊና የራቀ ውል እንዲፈርስ ይፈቅዳል፤ ቁጥር 1728 ደግሞ ማንበብ የማይችል ሰው ወይም ዓይነ ስውር በጣቱ የፈረመውን፣ ሥልጣን ያለው አዋዋይ ወይም ዳኛ ካላረጋገጠለት እንደማያስገድደው ይደነግጋል። ሕግ አውጪው ለማያይና ለማያነብ ሰው ያሰበውን ጥንቃቄ፣ ጣቱን ማንቀሳቀስ ለማይችልና በማስታገሻ ለደነዘዘ ሰው ነፍገን «ፈርሟል» ስንል ምን ዓይነት ሰዎች ነን? ይህን ሁሉ አንቀጽ አገናኝቶ የሚከራከር ማን ነው? እማማ ናቸው? ልጁ ነው? ወይስ ባለሙያው አትቅረቡት ያሉን ጠበቃ?

ስለ ጊዜም ካነሣን፣ እውነተኛው ሥጋት ይርጋ፣ ማለትም ካለፈ በኋላ መክሰስ የማይቻልበት የጊዜ ገደብ ነው። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት ይላል ቁጥር 2143፤ ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀል ሕጉ የረዘመ ጊዜ ካስቀመጠ ብቻ ይረዝማል። ከ2ቱ ዓመት ምን ያህሉ በአልጋ ላይ፣ ምን ያህሉ በፊዚዮቴራፒ፣ ምን ያህሉ ከወረዳ ወረዳ ወረቀት በማሯሯጥ እንደሚያልቅ ያስተዋለ ሰው፣ ተጎጂ ቶሎ ጠበቃ ያነጋግር እንጂ ይቆይ ብሎ አይመክርም። የትራፊክ ፖሊሱ የአደጋ ፕላን፣ የምስክሮቹ ስልክ፣ የመኪናው የታርጋ ቁጥርና የኢንሹራንስ ሰርተፊኬቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካልተያዙ ኋላ አይገኙም።

አንዳንድ ጠበቆች ከሚፈረደው ገንዘብ ላይ የሚቆርጡት ድርሻ እንደሚያሳፍር፣ የልደታ ፍርድ ቤት ቀጠሮም እንደሚያሰለች አልክድም። ነገር ግን የጠበቃው ስስት መድኃኒቱ ጠበቃ ማጣት አይደለም። በ1992 የወጣው የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57 እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ግዴታ ጥሏል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አለው፤ የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 467 መሠረት ሳይከፍል ክስ ማቅረብ እንዲፈቀድለት መጠየቅ ይችላል። ባለሙያው ሬዲዮ ላይ ከነበራቸው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ለዚህ ቢያውሉት ስንት ሰው በሰማቸው።

መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ፣ ቁጥር 799፣ በ2005 ሲወጣ ለአካል ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 40 ሺህ ብር ነበር። ጣሪያው ኢንሹራንሱን ይወስናል፤ የባለንብረቱን ኃላፊነት አይወስንም። ይህንንም ተጎጂው የሚሰማው ከጠበቃ እንጂ ከካሳ ከፋዩ አይደለም።

እማማ በመጨረሻ አንዲት ወጣት ጠበቃ አግኝተዋል፤ እርቁ ይፍረስ የሚል ክስ እየተዘጋጀ ነው። አብሬያቸው ስሄድ ጠበቃዋ በመጀመሪያ የጠየቀቻቸው የእርቁን ቅጂ ነበር። እማማ ከፌስታላቸው የመድኃኒት ማዘዣ፣ የራጅ ፊልም፣ የካርድ ደረሰኝ፣ የልጃቸውን የሥራ መታወቂያ ሳይቀር አንድ በአንድ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ፌስታሉን ገልብጠው አራገፉት። የተጻፈው አንድ ቅጂ ብቻ ነበር፤ እሱንም ይዘውት ሄደዋል።