ማስተካከያ፦ የባሕር ዳሩ አውሮፕላን በጭጋግ አልወደቀም
«በ1981 ዓ.ም. ባሕር ዳር የተከሰከሰው አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ጭጋግ ጋርዶት ነው፤ ሁሉም አለቁ» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ሲዘዋወር ነበር። ወሩ ክረምት መውጫ ስለሆነ ደመናን መጠርጠር አይገርምም። ግን አይደለም።

መስከረም 5 ቀን ቦይንግ 737ቱ ወደ አስመራ ሊበር ከባሕር ዳር ገና እየተነሳ ነበር። ጦሱ ርግብ ነው፤ ያውም መንጋ። ሁለቱም ሞተሮች ርግቦቹን ዋጡ። አብራሪዎቹ ሊመለሱ ሲዞሩ ሞተሮቹ ተራ በተራ ጠፉ። አውሮፕላኑ ጎማ ሳይዘረጋ በሆዱ መሬት ነካ፤ እሳትም ተነሳ።

«ሁሉም አለቁ» የሚለውም ልክ አይደለም። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች የሞቱት 35 ናቸው። ስድስቱም የበረራ ሠራተኞች ተርፈዋል።