በሰው ርስት ላይ ስንኖር

በሜልበርን፣ በፐርዝ፣ በሲድኒ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ እንደ እኔ ቃለ መሐላ ፈጽማችሁ የአውስትራሊያን ዜግነት የተቀበላችሁ ኢትዮጵያውያን፤ ዛሬ የምጽፍላችሁ ተቆጥቼ ነው።

በቅርቡ በአንድ የማኅበረሰባችን በዓል ላይ የአገሩ ነባር ባለቤቶች ከሆኑት አቦርጂናሎች ወገን፣ የዉሩንጄሪ ሕዝብ ሽማግሌ የሆኑ አንዲት እናት መድረክ ላይ ወጥተው «ወሚንጄካ» አሉን። በቋንቋቸው እንኳን ደህና መጣችሁ ማለት ነው። የአዳራሹ እኩሌታ ስልኩን ይነካካ ነበር። ከኋላዬ የተቀመጡት ስለ ቤት ብድር ወለድ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያወሩ ነበር። እኒያ እናት ጨርሰው ሲወርዱ ያጨበጨብነው በጣት የምንቆጠር ነን።

ያ አቀባበል የመድረክ ማሟሻ አይደለም። የሜልበርን ምድር ባለቤቶች በሆኑት በኩሊን ሕዝቦች ሥርዓት፣ ወደ ሌላው አገር የሚገባ ሰው ድንበር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ የመጣበትን ጉዳይ ይናገራል፤ ባለአገሩ ቅጠል ሰጥቶ ይቀበለዋል፤ እንግዳውም ምድሩንና ውሃውን ላይጎዳ ቃል ይገባል። እኛስ ከደጅ ቆመን «ቤቶች!» ሳንል የሰው ግቢ እንገባለን? ሳይጣራ ዘው የሚለውን እናቶቻችን ባለጌ ይሉታል። ሽማግሌ ሲናገር ፊቱን የሚያዞረውንም እንዲሁ።

ከዚህ የሚብሰው በቡና ላይ የምንናገረው ነው። «መሬቱን አላለሙትም፤ ዝም ብለው ሲዞሩበት ነው የኖሩት» ሲባል ስንት ጊዜ ሰማሁ! ይህ ቃል የእኛ አይደለም። እንግሊዞች ከ1788 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አገሩን የያዙበት ሰበብ ነው፤ ምድሪቱ ባለቤት የላትም የሚል። በአውስትራሊያ ሰሜን፣ በቶረስ ሰርጥ ያለችው የሜር ደሴት ተወላጅ ኤዲ ማቦና ጓደኞቹ አሥር ዓመት ተሟግተው ሰበቡን አፈረሱት። ከፍተኛው ፍርድ ቤት የፈረደላቸው በጁን 3 ቀን 1992 ነው፤ ማቦ ግን ከወራት በፊት ዐርፎ ስለነበር ፍርዱን አልሰማም። እርሱ ሕይወቱን የጨረሰበትን ሙግት እኛ ሲኒ ይዘን እንደ አዲስ እንፈርድበታለን?

ደግሞስ ማን አላለማም? ከሜልበርን ወደ ምዕራብ ጥቂት ሰዓት ነድታችሁ ቡጅ ቢምን እዩ። የጉንዲትጅማራ ሕዝብ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እየካበ፣ ቦይ እየቀደደ ዓሣ ያረባበት ሥራ ቢያንስ 6,600 ዓመት አስቆጥሯል፤ ከግብፅ ፒራሚዶች ይቀድማል። ዩኔስኮ በ2019 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

አቦርጂናሎች አገር ሲሉ ካርታ ላይ ያለውን ማለታቸው አይደለም። አገር ይሰማል፣ ይታመማል፣ ተንከባካቢ ሲያጣ ይከፋዋል። ሽማግሌዎቹ ወደ ውሃ ሲጠጉ የቀደሙትን በስም ይጠራሉ፤ ይዘውት የመጡትንም እንግዳ ያስተዋውቃሉ። ይህ እንግዳ ነገር ሊሆንብን አይገባም ነበር። አባቶቻችንን አገራችሁ የት ነው ስንላቸው ተራራውንና ደብሩን፣ እትብታቸው የተቀበረበትን ቀዬ አይደለም የሚነግሩን?

ስለ ጁካን ገደል የምታውቁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? በምዕራብ አውስትራሊያ፣ በፒልባራ፣ የፑቱ ኩንቲ ኩራማና የፒኒኩራ ሕዝቦች ዋሻዎች ናቸው። ሰው የኖረባቸው ከ46,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ነው። በ2014 በተደረገ ቁፋሮ ከሰው ፀጉር የተጎነጎነ 4,000 ዓመት የሞላው መቀነት ተገኘ፤ የዘር ምርመራውም ዛሬ በሕይወት ካሉት ባለርስቶች ጋር አገናኘው። የአያት ቅድመ አያታቸው ፀጉር ነው እንግዲህ። በሜይ 2020 ሪዮ ቲንቶ የተባለው የማዕድን ኩባንያ የብረት ማዕድን ለማውጣት ዋሻዎቹን በፈንጂ ናዳቸው። በ1972ቱ የምዕራብ አውስትራሊያ የቅርስ ሕግ መሠረት ከሚኒስትር ፈቃድ ነበረው፤ ወንጀል አልሠራም ማለት ነው። እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

የአክሱም ሐውልት በ2005 ከሮም ሲመለስ እልል ያላችሁ፣ ያለቀሳችሁ ሰዎች ናችሁ። ያ ሐውልት ተወስዶ ነበርና ተመለሰ። የተናደ ዋሻ ከየት ይመለሳል?

«እኛ ምን እናደርጋለን፣ መጤዎች ነን» እንዳትሉኝ። በ2020 የሪዮ ቲንቶ ሥራ አስፈጻሚና ሁለት ሹማምንቱ ከሥልጣናቸው የለቀቁት በባለአክሲዮኖች ቁጣ ነው፤ ከእነዚህም መካከል የጡረታ ፈንዶች ነበሩ። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አዳር ስትሠሩ፣ ታክሲ ስትነዱ የሚቆረጥላችሁ የጡረታ ቁጠባ በእንዲህ ያሉ ፈንዶች በኩል አክሲዮን ይገዛል። እንግዲህ ባለድርሻ ናችሁ። ገንዘባችሁ ያለበትን ፈንድ የማን ቅርስ ላይ እንደሚቆፈርበት በደብዳቤ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ምዕራብ አውስትራሊያ ከዚያ ጥፋት በኋላ ያወጣውን አዲስ የቅርስ ሕግ በጁላይ 2023 ሥራ ላይ አውሎ፣ ሁለት ወር ሳይሞላው ሊሽረው ሲወስን የፐርዝ ወገኖቼ የት ነበራችሁ? እኔም ከሜልበርን ሆኜ ዝም ብያለሁ፤ ወቀሳው ለእኔም ነው።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 14፣ ነባር ሕዝቦች ፓርላማውን የሚያማክሩበት አካል በሕገ መንግሥቱ ይቋቋም ወይ ተብሎ በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ምን እንደመረጣችሁ አልጠይቅም። አስቦና አንብቦ እምቢ ያለ ሰው አለ፤ ከአቦርጂናሎቹም መካከል እምቢ ያሉ ነበሩ። እኔ የምገሥጸው «እኛን አይመለከተንም» ብሎ ላልመረጠ ሰው የሚጣለውን ቅጣት ሽሽት ብቻ ወረቀት የጣለውን ነው። ማልክ እኮ! የአገሩን ሕዝብ መብት አከብራለሁ ብለህ ማልክ። የመጀመሪያዎቹ የአገሩ ሰዎች ከዚህ መሐላ ውጭ ናቸው ያለህ ማነው?

ልጆቻችን ከእኛ ቀድመዋል። በትምህርት ቤት የአቦርጂናል ሽማግሌዎችን አንክል፣ አንቲ ብለው መጥራት ተምረዋል፤ እኛ ጋሼ፣ እትዬ እንደምንለው። ቤት ሲመጡ ግን የእኛን የቡና ወሬ ይሰማሉ። ከሁለቱ የትኛውን ይያዙ?

በመጪው እንቁጣጣሽ እኒያን እናት ከነቤተሰባቸው ጋብዙ። በራፍ ላይ ወጥታችሁ ተቀበሉ፤ ከፊት አስቀምጡ፤ መሶቡ መጀመሪያ ለእሳቸው ይቅረብ። ሊናገሩ ሲነሡ ስልካችሁን አጥፉና ቁሙ፤ ልጆቻችሁንም አስነሡ። ያራ የምንለው ወንዝ በእሳቸው ቋንቋ ቢራሩንግ ይባላል። ስሙን ከአፋቸው ስሙት፤ እስክትችሉትም ከእሳቸው ጋር ደጋግማችሁ በሉት።